«ንድፉ 80 ዓመት አልፎታል፣ ባለቤት የለውም አይደል?» የዲሲ-3ን ሞዴል ከእንጨት ሊጠርቡ ላሰቡ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ቢሾፍቱ የእንጨት ሥራ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ አውሮፕላን ከድፍን እንጨት ልንጠርብ ነው። ስኬሉን 1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ፣ አድርገነዋል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ከታተመ የአሜሪካ መጽሔት የተወሰደ፣ ‹ዲሲ-3› የሚል፣ አውሮፕላኑን ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የሚያሳይ ባለ ሦስት ዕይታ ንድፍ አገኘሁ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40.2 ሳንቲሜትር እስኪሆን በፎቶ ኮፒ አሳደግኩት። ከላይ በሚታየው ላይ ርዝመቱ 27.3 ሳንቲሜትር ነው። ከጎን በሚታየው ላይ ግን 27 ብቻ። የትኛውን ልመን? ዋናውን የፋብሪካ ንድፍ ፈልጌ ባገኝ አይሻልም? ደግሞም ንድፉ ከ80 ዓመት በላይ ስለሆነው ባለቤት የለውም ብዬ ለሌሎች መምህራን በቴሌግራም ልልከው ነበር። ችግር አለው?»

ምላሽ፦ ለጊዜው አይላኩት። ምክንያቱ ሕጉ ብቻ አይደለም። ያ ወረቀት አሁን ባለበት ሁኔታ ለሌላ መምህር ቢደርስ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ የተሳሳተ አውሮፕላን ይጠርባል። ስለ ባለቤትነቱ በኋላ እመለስበታለሁ። ከመለኪያው እንጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ የሚካፈል ነገር የለም።

ሁለቱም ልኬቶች ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። የጎን ዕይታውን ደግመው ይዩት። ዋናው ጎማና የጭራው ትንሽ ጎማ በአንድ አግድም መስመር ላይ አርፈዋል? ከሆነ አውሮፕላኑ የተሳለው መሬት ላይ እንደቆመ ነው። ዲሲ-3 በጭራው ቁጭ የሚል አውሮፕላን ነው። አፍንጫው ቀና፣ ጭራው ዝቅ ይላል። ያዘነበለ ነገር ደግሞ አግድም ሲለካ ያጥራል። አንድ ዱላ 12 ዲግሪ ቢያዘነብል አግድም ርዝመቱ በ2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በ27 ሳንቲሜትር ላይ ይህ 6 ሚሊሜትር ነው። የእርስዎ ልዩነት 3 ብቻ የሆነው የጭራው ቀጥ ያለ ክንፍ ወደ ኋላ ስለሚጋደም ነው። ካጠረው ላይ የተወሰነውን መልሶ ይሰጣል። ከላይ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የሚሳለው አውሮፕላኑ አየር ላይ ተስተካክሎ እንዳለ ተደርጎ ነው። ስለዚህ በርዝመት በኩል የላዩን ይመኑ።

ይህን ግን በእኔ ቃል ብቻ አይቀበሉ። በወረቀቱ ላይ ራስዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ካሊፐር (ሚሊሜትርን በትክክል የሚለካውን መሣሪያ) ይውሰዱና በጎን ዕይታው ላይ የዋናውን ጎማ ክብ ይለኩ። መጀመሪያ አግድም፣ ከዚያ ቁልቁል። ጎማው መሬት የሚነካበት በኩል ጠፍጥፎ ከተሳለ ደግሞ የፊት ዕይታውን ይያዙና የሞተሩን ሽፋን ክብ ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ከሆኑ ወረቀቱ ጤነኛ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከአቋቋሙ ነው። ክቡ እንቁላል ከሆነብዎት ግን ንድፉ በመገልበጥ ብዛት ተስቧል ማለት ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀቱ በሚጎተትበት አቅጣጫና በጎኑ እኩል አያባዛም። አንድ ጊዜ ሲገለበጥ አይታወቅም። የቅጂ ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ ሲሆን ግን ጉዱ ይወጣል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ከዚህም ይብሳል። ስልኩ ትንሽ ካዘነበለ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይረዝማል። ክብ የሆነ ነገር ፈልጎ መለካት እኔ ማንኛውንም ንድፍ ሳይ መጀመሪያ የማደርገው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስተካከያው ቀላል ነው። በጎን ዕይታው ላይ የመስኮቶቹን ረድፍ በእርሳስ በአንድ ቀጥታ መስመር ያገናኙ። ያ መስመር አግድም እስኪሆን ድረስ ዕይታውን ያዙሩት። ከዚያ እንደገና ይለኩ። ከላይ ከሚታየው ጋር በግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ከገጠመ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ እርስዎም አጠገቡ ደርሰዋል። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ አውሮፕላኖች ተራ ዲሲ-3 አልነበሩም። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1945 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ሥራ የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ የበረረው ሲ-47 ነው። ሲ-47 የዲሲ-3 የጦር ሠራዊት ወንድም ነው። ከሩቅ አንድ ናቸው። በካሊፐር ሲለኩ ግን አይደሉም። ዲሲ-3 ርዝመቱ 19.65 ሜትር ያህል ነው። ሲ-47 ደግሞ 19.43 ሜትር። የጭራው ጫፍ አጭር ነው። ወደ 1/72 ስናመጣው የመጀመሪያው 27.3 ሳንቲሜትር፣ ሁለተኛው 27 ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ ካዘነበለው የጎን ዕይታ ያገኙት ቁጥር በአጋጣሚ ከሲ-47 ርዝመት ጋር ገጠመ። ሌላ ሰው ቢሆን «የጎን ዕይታው የሲ-47 ነው» ብሎ ይደመድምና ጭራውን አሳስቶ ይጠርብ ነበር። ክንፉም ቢሆን ይለያያል። ዲሲ-3 28.96 ሜትር ሲሆን ሲ-47 29.1 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሞዴል ክንፍ 40.2 ሳይሆን 40.4 ሳንቲሜትር መሆን አለበት።

ሁለት ሚሊሜትር ምን አላት ይሉ ይሆናል። እሺ፣ ክንፉን እንተወው። ሞተሩን ግን ማለፍ አይቻልም። በጦርነቱ ዘመን በመጽሔት የወጡ የዲሲ-3 ንድፎች ራይት ሳይክሎን ሞተር ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ባለ 9 ሲሊንደር፣ አንድ ረድፍ፣ ወርዱ 140 ሳንቲሜትር ያህል። ሲ-47 የያዘው ደግሞ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ቲዊን ዋስፕ ነው። ባለ 14 ሲሊንደር፣ በሁለት ረድፍ፣ ወርዱ 122 ያህል። በ1/72 ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ነው። በአንድ ክንፍ ላይ ሁለት ወፍራም አፍንጫ ተሰክቶ ሲታይ ፊቱ ሁሉ ይለወጣል። እኔ የመጀመሪያዬን ስጠርብ የሳይክሎንን ንድፍ ተከትዬ ነበር። ሦስት ወር ደከምኩበት። ቀለም ቀባሁት፣ ቫርኒሽ አደረግኩት። አንድ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ሜካኒክ ሞዴሉን ተቀብለው በእጃቸው አገላብጠው አዩት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የሞተሩን ሽፋን ዳበስ አደረጉና «ይሄ ሞተር የኛ አይደለም» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እቤት ገብቼ ሁለቱንም ሞተር በመጋዝ ቆረጥኳቸው።

በሩንም እንዳይረሱ። ሲ-47 በግራ በኩል፣ ወደ ኋላ፣ ሰፊ ባለ ሁለት ተከፋች የጭነት በር አለው። ከመጀመሪያዎቹ የመንገደኛ ዲሲ-3ዎች አንዳንዶቹ በራቸው በቀኝ ነበር። ንድፉ የግራውን ጎን ብቻ ካሳየ፣ ወይም ሲቀዳ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ከታተመ፣ ተማሪው በሩን ያለቦታው ይስለዋል።

ወደ ፋብሪካው ንድፍ እንምጣ። «ዋናውን ባገኝ» የሚለው ምኞት የሁላችንም ነው። ዋናው ንድፍ ግን የተሳለው አውሮፕላኑን ለሚሠራ ፋብሪካ እንጂ ሞዴሉን ለሚጠርብ ሰው አይደለም። አንድ ሙሉ አውሮፕላን በብዙ ሺህ ወረቀት ይከፋፈላል። አንዱ ወረቀት ላይ የአንዲት ማጠፊያ ቁራጭ ልኬት ያገኛሉ። ሌላው ላይ የክንፉ ውስጥ የጎድን አጥንት፣ ሌላው ላይ የመቀመጫ ብሎን። ሙሉው አውሮፕላን የሚታይበት ወረቀት ካለም ልኬቱ የተጻፈው ለጠቅላላ መግለጫ ያህል ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የውጩን ቆዳ ቅርጽ ነው። ገላው፣ ሜካኒኮች ፊውዝላጅ የሚሉት፣ እዚህ ጋ ቢቆረጥ ምን ዓይነት ክብ ይኖረዋል? ክንፉ እዚያ ጋ ቢቆረጥ ውፍረቱ ስንት ነው? ይህ ነው ለጠራቢ የሚጠቅመው።

ይህ መረጃ የሚገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የጥገና መጽሐፍ ነው። የአሜሪካ ጦር ለሲ-47 ሜካኒኮች ባሳተማቸው የመዋቅር ጥገና መጻሕፍት ውስጥ ገላውን ከአፍንጫ ጀምሮ በኢንች የሚቆጥር ሥዕል አለ። እያንዳንዱ ክፈፍ፣ ገላውን ከውስጥ የሚይዘው ቀለበት፣ የት እንደቆመ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ያን ቁጥር በ2.54 አባዝተው ለ72 ያካፍሉ። የሚያገኙት በእንጨትዎ ላይ ከአፍንጫው በስንት ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ቴምፕሌት፣ ማለትም ቅርጹን የሚፈትሹበት የተቆረጠ ካርቶን፣ እንደሚያስቀምጡ ነው። ሁለተኛው የክንፉ ቅርጽ ነው። የዲሲ-3 ክንፍ ሥሩ ላይ ናካ 2215፣ ጫፉ ላይ ናካ 2206 የሚባለውን ቅርጽ ይከተላል። ናካ ከናሳ በፊት የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የአቪዬሽን ምርምር ኮሚቴ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ውፍረቱን በመቶኛ ይናገራሉ። ሥሩ ላይ የክንፉ ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 6 ሳንቲሜትር ቢሆን ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ግን 6 በመቶ ብቻ፤ ስስ ነው። የቅርጹ ነጥቦች ከነሰንጠረዡ በኮሚቴው ሪፖርቶች ታትመዋል፤ ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። መጽሔቱ ላይ ካለው ትንሽ የክንፍ ሥዕል ይልቅ እነዚህን ነጥቦች ይመኑ።

አሁን ባለቤትነቱ። «አሮጌ ነው፣ ስለዚህ የማንም አይደለም» የሚለው ስህተት ነው። ዕድሜ ብቻውን መብት አያጠፋም። ዲሲ-3ን የሠራው ዳግላስ ኩባንያ በ1967 እ.ኤ.አ. ከማክዶኔል ጋር ተዋሐደ። ማክዶኔል ዳግላስ ደግሞ በ1997 በቦይንግ ተጠቀለለ። ስለዚህ የፋብሪካው ንድፍ ወራሽ አለው፤ ወራሹም በሕይወት ያለ ኩባንያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ አድርሷል። በ1930ዎቹ የተሠራ ፌርቻይልድ ኤፍ-45 የሚባል አውሮፕላን ያለው ሰው ለእድሳት ብሎ ንድፉን ከመንግሥት የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ «የንግድ ምስጢር ነው» ብሎ ከለከለው። ክርክሩ በሌላ ጠያቂ ስም ቀጥሎ በ2008 እ.ኤ.አ. እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2012 የወጣ ሕግ ደግሞ ባለቤታቸው ለጠፋ አሮጌ አውሮፕላኖች መረጃው እንዲሰጥ በር ከፈተ። ነገሩን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ወረቀት እንኳ «የማንም አይደለም» ተብሎ ዝም ብሎ እንደማይወሰድ እንዲያዩ ነው።

በእኛ አገር የሚሠራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የሠሪው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የሚቆጠረው ንድፉ ከታተመበት ቀን ሳይሆን ሠሪው ከሞተበት ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. የሳለው ወጣት እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ቢኖርስ? አዋጁ ግን ሁለት መስኮት ይሰጥዎታል። አንደኛ፣ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያወጣ ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም። መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ወይም አብዛኛውን ከመገልበጥ ግን ይጠንቀቁ፤ እሱ አይፈቀድም። ሁለተኛውና ትልቁ፣ ደረቅ መረጃ ጥበቃ የለውም። የክንፉ ርዝመት 29.1 ሜትር መሆኑ የማንም ንብረት አይደለም። የሚጠበቀው ሰውየው ያንን ልኬት ይዞ የሳለው ሥዕል ነው። ይህን ልዩነት ይያዙት፤ መፍትሔው ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

«የአሜሪካ መንግሥት ያሳተመው ሁሉ ነፃ ነው» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው የጻፈውና የሳለው በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት የለውም። የናካ ሪፖርቶች እዚህ ውስጥ ናቸው። ኩባንያ በውል ሠርቶ ለመንግሥት ያስረከበው ግን በቀጥታ እዚህ ውስጥ አይገባም። የጥገና መጽሐፍ ሲያገኙ የመጀመሪያውን ገጽ ያንብቡ፤ ማን እንዳሳተመው እዚያ ላይ አለ። ጥያቄ ከቀረ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል። እኔ ንድፍ ሠሪ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም።

ታዲያ ለሌሎቹ መምህራን ምን ይላኩ? የራስዎን ንድፍ። ቆራጥ ሆኜ የምመክረው ይህን ነው። የመጽሔቱን ገጽ አይላኩ፤ ከላይ በጠቀስኳቸው ቁጥሮች ተመሥርተው፣ መጽሔቱን ለማመሳከሪያ ብቻ አጠገብዎ አድርገው፣ አዲስ ንድፍ ይሳሉ። በመጽሔቱ ላይ ወረቀት አስደግፈው አይገልብጡ፤ እሱ ያው ቅጂ ነው። ከቁጥሮቹና ከፎቶዎች ተነሥተው ሲስሉት ግን የእርስዎ ይሆናል። እንደልብዎ ያካፍሉታል።

ይህ ሥራ እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። የክንፉን ግማሽ ብቻ ይሳሉ። በ1/72 ግማሹ ክንፍ 20.2 ሳንቲሜትር ስለሆነ ተራ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል። ሌላኛውን ወገን ወረቀቱን ገልብጠው ያወጡታል፤ ሁለቱ ክንፎች እኩል የመሆናቸው ዋስትና ይኸው ነው። የመካከለኛው የክንፍ ክፍል ቀጥ ያለ፣ የውጩ ክፍል ወደ ላይ ትንሽ ቀና ያለ መሆኑን በፊት ዕይታው ላይ ያሳዩ። ለገላው ስምንት ወይም አሥር ቦታ ላይ የተቆረጠ ቅርጽ ይበቃል። አፍንጫው ላይ ቀረብ ቀረብ ያድርጓቸው፤ ቅርጹ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው እዚያ ነው። መሐሉ ላይ ግን ገላው ረጅም ርቀት ያው ስለሆነ ሁለት ይበቃል። አዲስ መሳል የሚሰጥዎት ሌላ ጥቅምም አለ። የመጽሔቱ መስመር 0.3 ሚሊሜትር ቢሆን ሦስት እጥፍ ሲያሳድጉት አንድ ሚሊሜትር ሊሞላ ነው። ተማሪው «በመስመሩ ውስጥ ልቁረጥ ወይስ ውጭ?» ብሎ ይጠይቅዎታል። መልስ የለዎትም። በራስዎ ንድፍ ላይ መስመሩ ስስ ነው፤ ጥያቄውም አይነሣም።

ንድፉ ላይ አራት ነገር ሳይጽፉ ከእጅዎ አያውጡት። የትኛው ሞዴል እንደሆነ፣ «ሲ-47፣ ቲዊን ዋስፕ ሞተር» ብለው። ስኬሉን። ልኬቶቹን ከየት እንዳመጡ። ስምዎን ከነቀኑ፣ ማንም ለማስተማሪያ እንዲጠቀምበት መፍቀድዎንም ጭምር። ከሁሉም በላይ ደግሞ 10 ሳንቲሜትር የሆነ መለኪያ መስመር ያኑሩበት። አንድ አይበቃም፤ አንዱን አግድም፣ አንዱን ቁልቁል። ወረቀቱ የተቀበለው ሰው አትሞ ማስመሪያ ያስቀምጥበታል። 10 ከሆነ ይቀጥላል። 9.7 ከሆነ ማተሚያው አሳንሶበታል። የኮምፒውተር ማተሚያ ብዙ ጊዜ ራሱ «ከገጹ ጋር ይግጠም» ብሎ ያሳንሳል፤ መጠኑን 100 በመቶ ላይ አድርጎ ማተም ነው። ሲልኩትም በቴሌግራም እንደ ፎቶ አይላኩት፤ ፎቶን ጨምቆ ያደበዝዘዋል። በፒዲኤፍ፣ እንደ ፋይል ይላኩት። ስኬሉን ለመቀየር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩት። ከኤ4 ወደ ኤ3 ሲሄድ ርዝመቱ የሚያድገው ወደ 141 በመቶ እንጂ ወደ 200 አይደለም። እጥፍ የሚሆነው ወረቀቱ የሚሸፍነው ቦታ (ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ) ነው።

እንዲህ ያለ ማካፈል ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። በ1942 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች 500,000 የእንጨት ሞዴል ጠይቆ ነበር። 50 ዓይነት አውሮፕላን፣ ከያንዳንዱ 10,000። ወታደሮች የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን በቅርጹ ብቻ እንዲለዩ ነበር ዓላማው። ለዚያም ነው ጥቁር የተቀቡት። ስኬሉ ይኸው የእርስዎ 1/72 ነው፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል። ለትምህርት ቤቶቹ የተላከላቸው ንድፍና ቴምፕሌት ነበር። በአገሪቱ ዳርና ዳር ያሉ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ልጆች አንድ ዓይነት አውሮፕላን የጠረቡት ከአንድ ምንጭ የወጣ፣ የተረጋገጠ ወረቀት ስለደረሳቸው ነው። የእርስዎ ንድፍ ለቢሾፍቱም ለሌላ ከተማም መምህር እንዲሁ ሊያገለግል ይችላል። ለዚህ ነው ስለ ሁለት ሚሊሜትር ይህን ያህል የምጨቃጨቀው።

ወደ እንጨቱ ስትገቡ ሁለት ጥንቃቄ አለኝ። ንድፉን በውኃማ ኮላ እንጨቱ ላይ አትለጥፉ። ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ያን ሁሉ የለካችሁትን ሚሊሜትር በአንድ ብሩሽ ታጠፉታላችሁ። በካርቦን ወረቀት ወደ እንጨቱ አስተላልፉት። ቴምፕሌቶቹን ደግሞ ከጠንካራ ካርቶን ቁረጡ። የካርቶኑን ጠርዝ በእርሳስ አጥቁሩና ገላው ላይ አሳርፋችሁ ትንሽ አሹት። ጥቁር ነጥብ ያረፈበት ቦታ አሁንም ከፍ ያለ ነው። እዚያን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት። እንደገና አሳርፉ፣ እንደገና እዩ። ነጥቡ ዙሪያውን ሲያርፍ ደርሳችኋል። ተማሪ ይህን አንድ ጊዜ ካየ በዓይኑ ሳይሆን በእጁ መለካት ይጀምራል።

ለእንጨቱ ዋንዛ ወይም ዝግባ ጥሩ ነው፤ ለመሮም ለሞረድም ይመቻል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ወይራ ለልጆች እጅ ይከብዳል። ዋንዛና ዝግባ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ ዛፎች ስለሆኑ አዲስ ግንድ አትፈልጉ። የቤት ዕቃ ከሚሠሩ አናጺዎች የሚጣል ቁራጭ ለምኑ። ለ1/72 ገላ 28 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ይበቃል። ገላውን ከሁለት ግማሽ ሠርታችሁ በመሐሉ ቀጭን ወረቀት አድርጋችሁ ብታጣብቁት የመጋጠሚያው መስመር ራሱ መካከለኛ መስመር ይሆንላችኋል። እስከ መጨረሻው አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲሲ-3 በዓለም ላይ ብዙ ሰው የለካው አውሮፕላን ነው። ፀሐይ ግን አይደለችም። በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዶ ከ80 ዓመት በላይ ያቆያት፣ በ2024 የተመለሰችው ትንሽ አውሮፕላን። ተማሪዎችዎ የሲ-47ን ንድፍ ጨርሰው እጃቸው ሲፈታ፣ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ይጠይቁና ሜትርና ካሊፐር ይዘው ሄደው ይለኳት። እኔም ብመጣ ደስ ይለኛል። ክንፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ገላዋን በየ50 ሳንቲሜትሩ፣ ጎማዋን በሁለት አቅጣጫ። ፎቶ ስታነሡ ከርቀት ቆማችሁ፣ ሌንሱን በአውሮፕላኗ መሐል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ፣ የታወቀ ርዝመት ያለው ዘንግ አጠገቧ አቁማችሁ። የእሷን ንድፍ የምትስሉት እናንተ ከሆናችሁ፣ ለማካፈል ማንንም ፈቃድ የምትጠይቁበት ምክንያት አይኖርም።